ሺህ ዘፈን በኪስ፦ አይፖድ፣ ጸሐፊዎቹና ባለቤቶቹ

ሐያሲ ስለ ዘፋኙ ይጽፋል፤ ስለ ዜማው፣ ስለ ግጥሙ፣ ሲመቸውም ስለ አቀናባሪው ይጽፋል። ዘፈኑ የሚሰማበትን ዕቃ ግን ለነጋዴና ለጠጋኝ ይተወዋል። ነገሩን ልብ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በአንድ ገጹ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይችልምና ዘፈኑ በዚያው ልክ ይቆረጥ ነበር። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ዘፋኙ ሁለት ገጽ የሚሞላ አሥር ያህል ዘፈን ይዞ መቅረብ ግድ ሆነበት። ለአንድ ተወዳጅ ዘፈን ዘጠኝ አጃቢ የሚደረደርበት ልማድ የመጣው በዘፋኞቻችን ስንፍና ብቻ ነው ብሎ ማማት አይገባም፤ የካሴቱም ርዝመት እጁ አለበት።

የዛሬው ጉዳዬ እንዲህ ያለ አንድ ዕቃ ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦክቶበር 23 ቀን 2001 ለሕዝብ ያሳየው፣ በውስጡ ሃርድ ዲስክ ያለው የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ አይፖድ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋው 399 ዶላር፣ ክብደቱ 185 ግራም፣ የሚይዘው 5 ጊጋባይት ነበር። ኩባንያው ግን ጊጋባይት እያለ ገዢውን አላደናገረም፤ ሺህ ዘፈን በኪስህ ያዝ አለው እንጂ። ሒሳቡም እውነት ነው። አንድ የአራት ደቂቃ ዘፈን በዘመኑ አጨማመቅ አምስት ሜጋባይት ያህል ይወስድ ነበርና ሺህ ጊዜ ሲባዛ ዲስኩ ይሞላል።

ስለዚህ ዕቃ ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈው መሀል ሦስት መጻሕፍት ይነሣሉ። የእንግሊዙ ‹‹ጂኪው›› መጽሔት አዘጋጅ ዲላን ጆንስ በ2005 ‹‹አይፖድ አለኝ፤ ስለዚህ አለሁ›› እንደማለት የሚሆን፣ በፈላስፋው በዴካርት አባባል የቀለደ ርዕስ ሰጥቶ የራሱን የሙዚቃ ሕይወት ጻፈ። በተከታዩ ዓመት አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ስቲቨን ሌቪ ዕቃውን ‹‹እንከን የለሹ›› ብሎ የኩባንያውንና የዕቃውን ታሪክ አወጣ። በ2007 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ማይክል ቡል የብዙ ባለቤቶችን ቃል ሰብስቦ ስለ አይፖድና ስለ ከተማ ኑሮ ጥናት አሳተመ። የመጀመሪያው የአፍቃሪ፣ ሁለተኛው የዘጋቢ፣ ሦስተኛው የመርማሪ መጽሐፍ ነው። ሦስቱም የተጻፉት ግን ዕቃው በገነነበት ወራት ነው። በሠርግ ቤት ስለ ፍቺ አይወራም። እኛ ሠርጉ ካበቃ በኋላ የመጣን እንግዶች ነን፤ ኩባንያው ሃርድ ዲስክ ያለውን የመጨረሻውን አይፖድ መሸጥ ያቆመው በሴፕቴምበር 2014 ሲሆን በስሙ የሚጠራውን የመጨረሻ ዕቃ ደግሞ በሜይ 2022 ተሰናብቶታል። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብለን ለማየት ይመቸናል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አይፖድ የተመሰገነበት ነገርና የጠቀመበት ነገር ይለያያሉ። የተመሰገነው በብዛቱ፣ በውበቱና ለአድማጩ ሰጠው በተባለው ነፃነት ነው። የጠቀመው ግን አድማጩን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አድርጎ በመቅጠሩ ነው። ትልቁ ጥፋቱም ከዚሁ የወጣ ነው፤ ሠራተኛውን ቀጥሮ ሲያበቃ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ነፈገው።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። አይፖድ በዓይነቱ የመጀመሪያው አልነበረም። በኮምፓክ ኩባንያ ተመራማሪዎች የተፀነሰው ‹‹ፐርሰናል ጁክቦክስ›› በ1999 4.8 ጊጋባይት ዲስክ ተሸክሞ ገበያ ወጥቶ ነበር። የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ በ2000 ያወጣው ‹‹ኖማድ ጁክቦክስ›› 6 ጊጋባይት ይይዛል፤ ግን የተሠራበት ዲስክ ለላፕቶፕ ኮምፒዩተር የታሰበ ስለነበር መጠኑ የሲዲ ማጫወቻ ያህል ነው፤ በኪስ አይገባም። የአፕሉ መሐንዲስ ጆን ሩቢንስታይን ጃፓን ሄዶ ቶሺባ ኩባንያ ውስጥ 1.8 ኢንች ብቻ ስፋት ያለው ዲስክ ሲያሳዩት፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለምን እንደሚውል ገና አልቆረጡም ነበር ይባላል። እሱ ግን አወቀ።

ሃርድ ዲስክ ማለት በሣጥን የታሸገ ሸክላ ማለት ነው ቢባል ብዙም ስሕተት አይሆንም። ሳህን ይሽከረከራል፣ በላዩ ላይ ክንድ ይመላለሳል፤ ክንዱ ሳህኑን አይነካውም እንጂ። ሸክላ ይዞራል፣ የካሴት መዘውር ይዞራል፣ ሲዲ ይዞራል፤ አይፖድ የዚህ የሚዞር ዘር የመጨረሻ ልጅ ነው። የሚዞር ነገር ደግሞ እርምጃ አይወድም። ሲዲ ማጫወቻ በወገቡ ታጥቆ የሮጠ ሰው ዘፈኑ እንዴት እንደሚንተባተብ ያስታውሳል። አይፖድ ይህን ያሸነፈው በአንድ ብልሃት ነው። 32 ሜጋባይት የምትይዝ ትንሽ ማስታወሻ ነበረችው። ዲስኩ ለጥቂት ሰኮንዶች ይነሣና ለሃያ ደቂቃ ያህል የሚበቃ ሙዚቃ እዚያች ላይ አራግፎ ተመልሶ ይተኛል። ባለቤቱ የሚሰማው ከማስታወሻዋ ነው። ባትሪው 10 ሰዓት ይቆያል የተባለውም ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ስለሚውል ነበር።

ከዚህ አንድ ደስ የሚል ነገር ይከተላል፤ ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ያወቁት ግን ዘግይተው ነው። ባለቤቱ ከዘፈን ወደ ዘፈን እየዘለለ ሲያማርጥ ዲስኩ በየጊዜው ከእንቅልፉ ስለሚቀሰቀስ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። አንዱን አልበም ከዳር እስከ ዳር የሚሰማው ሰው ረዘም ላለ ሰዓት ይጠቀማል። በነፃነት አማርጥ ተብሎ የተሸጠው ማሽን በሆዱ የሚወደው ትዕግሥተኛውን አድማጭ ነበር ማለት ነው። በጸጥታ ጊዜ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው ዲስኩ ሲነሣ የሚያሰማውን ስስ ሹክሹክታ ይሰማል። ሊሞት ሲልም ድምፁ ይለወጣል፤ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ያን ድምፅ የሰማ ባለቤት ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ እንግባ። የኩባንያው አለቃ ስቲቭ ጆብስ በፌብሩዋሪ 2007 ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ ላይ አንድ አኃዝ ሰጥቶ ነበር። በእያንዳንዱ አይፖድ ላይ በአማካይ ከኩባንያው የኢንተርኔት መደብር የተገዛው ዘፈን 22 ብቻ ነው፤ ሺህ ዘፈን ከሚይዝ ዕቃ ውስጥ ሦስት በመቶ አይሞላም። መደብሩ በኤፕሪል 2003 ተከፍቶ አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ጆብስ አኃዙን ያነሣው ለራሱ ጉዳይ ነው፤ የሙዚቃ ኩባንያዎች በተሸጠው ዘፈን ላይ እንዲደረግ የሚያስገድዱት የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ከንቱ መሆኑን ለማስረዳት። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ወገን ነው። የቀሩት 978 ዘፈኖች ከየት መጡ?

መጀመሪያ ባለቤቱ ከነበሩት ሲዲዎች መጡ። አሥራ ሁለት ዘፈን የያዘ ሲዲ ቢሆን ሺህ ለመሙላት ሰማንያ ያህል ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከትቶ እስኪገለበጥ መጠበቅ፣ ማውጣት፣ ሌላ መክተት። ይህ የስንት ምሽት ሥራ ነው? ከዚያ ከወዳጅ ዘመድ መጡ። የቀረውም ከየት እንደመጣ በአደባባይ ከማይነገርበት ቦታ መጣ፤ ዘፋኙ ምንም አላገኘበትም፤ ይህ ደግሞ በአሜሪካም በእኛም አገር ያው ሌብነት ነው። ዲላን ጆንስ የሙዚቃ ሀብቱን እየመረጠ ወደ ማሽኑ ማስገባቱን ሲተርክ መጽሐፉ ሕይወት የሚዘራው እዚህ ላይ ነው። ስለ ዝነኞች ከሚያወራባቸው ገጾች ይልቅ የትኛው ዘፈን ይግባ የትኛው ይቅር እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገትባቸው ይበልጡብኛል።

ከመገልበጡ ቀጥሎ ስም ማውጣት አለ። የዘፋኙ ስም፣ የአልበሙ ስም፣ ዓመቱ፣ ዓይነቱ። ማሽኑ አንድ ፊደል ሲለወጥ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለዋል። ፈረንጆቹ በዚህ ተቸግረዋል፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ግን የባሰ ተቸግረዋል። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ ሥርዓት የለውምና። ጥላሁን ገሠሠን አንዱ ከ‹‹ጥ›› ቀጥሎ አናባቢ ጨምሮ ይጽፈዋል፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ላይ ደግሞ አናባቢውን ትቶ፣ በፈረንሳይኛ ልማድ በፊደሎቹ አናት ላይ ጭረት አክሎ ጽፎታል። ሙላቱ አስታጥቄም እንዲሁ በ‹‹ጥ›› እና በ‹‹ቄ›› የተነሣ በሁለት መልክ ይገኛል። ከአንድ ቤት ከሲዲው፣ ከሌላ ቤት ከወዳጅ ኮምፒዩተር የተሰበሰበው ሁሉ አይፖድ ላይ ሲሰለፍ አንዱ ጥላሁን ሦስት ሰው ሆኖ ይቆማል። ሦስቱን አንድ ለማድረግ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ማረም ነበረበት።

በሌላ በኩል ማሽኑ ሳያውቀው የእኛን ወግ አክብሯል። አይፖድ ዘፋኞችን የሚደረድረው በስማቸው መጀመሪያ ፊደል ነው፤ ቦብ ዲላን ‹‹በ›› ውስጥ ይገኛል። ይህ የፈረንጅን የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት የለመዱትን ሰዎች አስቆጥቷል፤ እነሱ በቤተሰብ ስም መደርደር ነው ልማዳቸው። ለእኛ ግን ትክክለኛው እሱ ነው። ማሕሙድ አሕመድን ከአባቱ ስም ሥር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የለም። የውጭ ቤተ መጻሕፍት ሊቃውንት ስንት ዘመን ያበላሹትን ነገር ይህ ማሽን በስንፍና አስተካከለው።

‹‹ዓይነት›› በሚለው ቦታ ላይ የእኛ ሙዚቃ ሁሉ ‹‹የዓለም ሙዚቃ›› ተብሎ ይመጣል። ትዝታም ባቲም፣ አምባሰልም አንቺ ሆዬም፣ የቀብር እንጉርጉሮም የሠርግ ዘፈንም ያው ‹‹የዓለም›› ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ይህን ሰርዞ ‹‹ትዝታ›› ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ ማንንም አያስፈቅድም። ዛሬ በኪራይ በሚሰማው የኢንተርኔት ሙዚቃ ላይ ይህን ማድረግ በአብዛኛው አይቻልም። ስሙንም ዓይነቱንም የሚያወጣው ሌላ ነው፤ አድማጩ የተሳሳተውን እያየ ዝም ይላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ጥቅሙ ይኼ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሠራተኛው ግን ምን እንዳለው ያውቃል።

ሌቪ ከዚህ ይልቅ የተማረከው በሌላ ነገር ነው፦ ማሽኑ ዘፈኖቹን አደባልቆ በዘፈቀደ በሚያጫውትበት ዘዴ። መጽሐፉን ራሱ በዚያ ዘዴ አሠርቶታል፤ ምዕራፎቹ በተለያዩ ቅጂዎች ላይ በተለያየ ቅደም ተከተል ታትመዋል። ብልጠት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። በተራ የተጻፈ ታሪክ ተራው ሲናድ አንባቢው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ሊነገረው፣ ሌላውን ጭራሹን ሳይነገረው ሊያልፍ ይችላል። ለዘፈን የሚመች ሁሉ ለመጽሐፍ አይመችም።

ሌቪ ከመጽሐፉ በፊት በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ የገዛ አይፖዱ ‹‹ስቲሊ ዳን›› የተባለውን ቡድን አብልጦ ይወዳል ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። ይህን ጥርጣሬ ብዙ ባለቤቶች ተጋርተውታል፤ ማሽኑ ያደላል፣ ሐሳቤን ያነባል ያሉም አሉ። ሒሳቡን እንየው። ከሺህ ዘፈን ውስጥ የአንድ ዘፋኝ ሃምሳ ቢኖሩና በአንድ ሰዓት አሥራ አምስት ያህል ቢሰሙ፣ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ አንዱ የዚያ ዘፋኝ የመሆኑ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ የመስማት ዕድሉም ከስድስት አንድ ያህል ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን ያህል ‹‹ዛሬስ ይኼን ሰውዬ ምን አስወደደው?›› ማለቱ አይቀርም። እውነተኛ ዘፈቀደ ያጠጋጋል፤ ሰው ግን ዘፈቀደ ሲል እኩል የተበተነ ማለቱ ነው። ጆብስም በዚያው ዓመት አድማጩ ዘፈቀደ እንዲመስለው ሲባል ዘፈቀደነቱ የሚቀንስበት መቆጣጠሪያ ማስገባታቸውን ተናገረ። ዕጣው እኩል መስሎ እንዲታይ ዕጣውን ማዛባት! ይህ ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን ጨዋታ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ወደ ሌላ አጀንዳ ስለሚወስደን እንለፈው።

የማደባለቁ ጉዳት የደረሰው አልበም ሆኖ በተፀነሰ ሥራ ላይ ነው። አንዱ ክፍል ከሌላው ሳይቆራረጥ በሚፈስበት ሥራ መሀል አይፖድ አጭር ዝምታ ያስገባ ነበር፤ ይህን እስኪያርመው እስከ ሴፕቴምበር 2006 ድረስ አምስት ዓመት ፈጅቷል። ኦፔራና ቀጥታ የተቀዳ ኮንሰርት የሚወዱ ባለቤቶች ያን ያህል ጊዜ ጭብጨባው መሀል ለመሀል እየተቆረጠ ሰምተዋል። እንከን የለሽ የሚለው ርዕስ በዚህ ብቻ እንኳ ሊሻር በቻለ።

የቡል መጽሐፍ ከሦስቱ ይከብዳል፤ ይጠቅማልም። ሰው በማዳመጫው ከተማውን እንዴት እንደሚዘጋው፣ ወደ ሥራ የሚሄድበትን ጊዜ እንዴት የራሱ እንደሚያደርገው የባለቤቶቹን ቃል ይዞ ያሳያል። ሶኒ በ1979 ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ነበረው፤ ብቻህን ስማ ማለት አሳፍሯቸው ነበር። አይፖድ ሲመጣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ ያፈረም የለም። በዚህ ላይ ከቡል ጋር ጠብ የለኝም። የምለየው ብቸኝነቱን ከጆሮ ላይ በመጀመሩ ነው። በእኔ ግምት አድማጩ ብቻውን የሆነው መንገድ ላይ ሳይሆን በፊት ነው፤ ማታ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ሲገለብጥና ሲያርም። በሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ የመረጠውን ዘፈን በግድም በውድም የሚሰማ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ የቡልን መጽሐፍ ሲያነብ ግማሹን በቅናት፣ ግማሹን በትዝብት ማንበቡ አይቀርም።

ቁልፉን ነፈገው ያልኩትን አሁን ላስረዳ። የሚታየው ቁልፍ የባትሪው ነው። የአይፖድ ጀርባ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ብረት ነበር፤ የሚፈታ ቡሎን የለውም። ባትሪው ደግሞ እንደማንኛውም ባትሪ ያረጃል። በ2003 ናይስታት የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ወንድማማቾች፣ ከሁለቱ የአንዱ የኬሲ ባትሪ በ18 ወሩ ሲሞትና አዲስ ዕቃ ቢገዛ እንደሚሻለው ሲነገረው፣ በየግድግዳው ባሉት የአይፖድ ማስታወቂያዎች ላይ ባትሪው የማይለወጥና 18 ወር ብቻ የሚኖር መሆኑን በቀለም እየረጩ አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ በሰፊው ታየ። በዚያው ሰሞን ኩባንያው በ99 ዶላር ባትሪ መለወጥ ጀመረ፤ በ2005ም ከሳሾቹን ባለቤቶች ለመካስ ተስማማ። ሌቪ ሲጽፍ ይህ ሁሉ ተሰምቶ ነበር፤ ‹‹እንከን የለሽ›› የሚለው ቃል ግን አልተነቀነቀም።

የማይታየው ቁልፍ ይብሳል። ዘፈን ወደ አይፖድ ይገባል፤ በኩባንያው ፕሮግራም ግን ተመልሶ አይወጣም ነበር። ከ2006 ወዲህ ከኩባንያው መደብር የተገዛው ብቻ እንዲመለስ ተፈቀደ፤ ሲዲ እየገለበጡ የሞሉትን 978 አይጨምርም። ዕቃው ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ አዲስ ልጀምር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ የተሰረቀበት ወይም የተቃጠለበት ባለቤት ዘፈኖቹ ሁሉ በእጁ እያሉ እንደሌሉት ይቆጠራል። ዲስኩን በሌላ መንገድ ከፍቶ ያየም ሌላ ጉድ ይጠብቀዋል። በስንት ምሽት የተደራጀው መዝገብ በስሙ የለም። ዘፈኖቹ የተቀመጡት ኤፍ ዜሮ ዜሮ፣ ኤፍ ዜሮ አንድ እያሉ በሚቀጥሉ አቃፊዎች ውስጥ ተበትነው፣ ትርጉም በሌላቸው አራት ፊደላት ተሰይመው ነው። ይህ የተደረገው የሙዚቃ ኩባንያዎችን ለማስደሰት፣ ቅጂ ከሰው ወደ ሰው እንዳይዞር ነው ይባላል። ሌባውን ብዙም አላገደውም። ያገደው ደካማውን ባለቤት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የሄዱ ነበሩ። የኮሪያው አይሪቨር በ2003 ያወጣው ‹‹ኤች 120›› ባለ 20 ጊጋባይት ማጫወቻ፣ ለዓይን የማይስብ፣ በሚነቀነቅ ትንሽ እንጨት መሳይ ቁልፍ የሚታዘዝ፣ ለመልመድም የሚያስቸግር ነበር። ግን ሁለት ነገር ነበረው። ዘፈን እንደ ማንኛውም ፋይል ይገባበታል፣ እንደ ማንኛውም ፋይልም ይወጣበታል። በተጨማሪም ድምፅ የሚቀበልበት ቀዳዳ ስለነበረው ከቴፕ ጋር በገመድ አገናኝቶ ካሴቱን በቀጥታ ወደ ዲስክ መቅዳት ይቻል ነበር። አይፖድ ሲወጣ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልነበረውም።

ይህ ለአሜሪካዊው ትንሽ ነገር ነው፤ የሚወደው ሙዚቃ ሁሉ በሲዲ ታትሞለታል። ለእኛ ግን ትንሽ አይደለም። አምሐ እሸቴ በ1969 የጀመረው የሸክላ ኅትመት እሱ በ1975 አገር ለቆ ሲሄድ ተቋረጠ፤ በ1970ዎቹ ማብቂያ ካሴት ሸክላውን ከገበያ አስወጣው። ከዚያ በኋላ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከወጣው ዘፈን በካሴት ብቻ የቀረው ብዙ ነው። ‹‹ኢትዮፒክስ›› ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው በአመዛኙ የሸክላውን ዘመን ነው፤ የካሴቱን ዘመን የሚያክል ጠባቂ አላገኘንለትም። የጠበቀው በየቤቱ ያለው ሰው ነው፤ ቴፑን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ፣ አንዱን ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ቁጭ ብሎ እየሰማ፣ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እየቆረጠና ስም እያወጣ ያስገባ። የቀዳው ከነማሾክሾኩ ነው። አብዝቶ ሲጨመቅ ደግሞ እንደ ጭብጨባ ያለ ድንገት የሚነሣ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ይህ የኤምፒስሪ የታወቀ ደዌ ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ጀርመናዊ ካርልሃይንስ ብራንደንቡርግ የፈተነው ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ በብቸኛ ድምጿ በዘፈነችው ዘፈን ነበር። በእስክስታ ጭብጨባ ቢፈትነው ምን ያደርግ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ሆኖም ደብዝዞም ቢሆን ቀርቷል፤ ባይቀዳ ኖሮ ቴፑ ከነሪባኑ ተጣብቆ ያልቅ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ባለቤት መዝገቡን ያስገባበት ዕቃ በር የሚዘጋ ከሆነ ነገሩ ከዕቃ ምቾት በላይ ይሆናል። በኒው ዮርክ ለሚኖረው ሰው የጠፋው ዘፈን ያን ጊዜ በ99 ሳንቲም ይመለስ ነበር። በካሴት ብቻ የነበረውን የሚመልስለት ሱቅ ግን የለም።

ዛሬ ከተሜው ዘፈን የሚሰማው በስልኩ ነው፤ ወይ በወር ኪራይ ወይ በነፃ ከዩቲዩብ። ምቾቱን አልክድም። ዘፋኙም ከተሰረቀ ቅጂ ምንም ከማያገኝ ከኪራዩ ጥቂት ቢያገኝ ይሻላል። ግን ውል ሲፈርስ ዘፈኑ ከዝርዝሩ ላይ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ አድማጩም አይጠየቅም፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከሥራው ተሰናብቷል። አይፖድን ደግሞ ገና ያልጣሉት አሉ። በ2007 የወጣው ትልቁ 160 ጊጋባይት፣ ኩባንያው እንዳለው 40,000 ዘፈን ይይዝ ነበር፤ አንዱ አራት ደቂቃ ቢባል ሌትና ቀን ሳያቋርጥ 111 ቀን ያጫውታል። በ2014 ለምን አቆማችሁ ሲባል የኩባንያው አለቃ ቲም ኩክ ክፍሎቹ ገበያ ላይ ጠፉ ብሎ መለሰ። ባለቤቶቹ ግን የብረቱን ጀርባ በስስ ላስቲክ እየፈለቀቁ ባትሪውን ይለውጣሉ፤ የሚዞረውን ዲስክም አውጥተው በቦታው የሚሞሪ ካርድ ይተክላሉ። ካርዱ አይዞርም፣ አይሰማም፣ ቢወድቅም ግድ የለው። ባትሪው ይረዝማል። ሹክሹክታው ቀርቷል፤ ይህን የሚናፍቁ አሉ ቢባል አይገርመኝም፤ እኔ አልናፍቀውም።

በ2001 የአርኮስ ማጫወቻ ባለቤቶች የሆኑ ፕሮግራም ሠሪዎች ዕቃው ይዞት የመጣው ፕሮግራም ቢያናድዳቸው ‹‹ሮክቦክስ›› የተባለ የራሳቸውን ጽፈው በነፃ አሠራጩ። በኋላ ለአይሪቨርም ለአይፖድም ተስማማ፤ ዘፈንን በአቃፊው ከፍቶ እንደ ፋይል ያስነብባል። ቁልፉን ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ቀረጹት።

በመሳቢያው ያረጀ አይፖድ ያለው አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር ልንገረው። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ያብጣል፤ ያበጠ ባትሪ ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቀዳዳ ከሆነም ይቀጣጠላልና በኃይል መጫን አያስፈልግም። ለዓመታት ያልተነሣ ዲስክም አንዳንዴ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል፤ በዚያች አጋጣሚ የሚሠራው ሥራ ዘፈን መስማት ሳይሆን መገልበጥ መሆን አለበት። ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲገናኝ አጥፍቼ ልጀምር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይሆንም ነው። የተደበቀውን አቃፊ የሚያሳይ ሰው ፈልጎ ሁሉንም እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። አራቱ ፊደላት አያስደንግጡት፤ የዘፋኙም የዘፈኑም ስም ባለቤቱ ያን ጊዜ እንደጻፈው ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ሦስቱም ጥላሁኖች እዚያ አሉ።